መቃብር እጀታ የለውም

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለችው ቅዳሜ፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል መቃብር ውስጥ ነበርኩ። መቃብሩ ዶሮ ወጥ ይሸታል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ወንጌል ሴቶች ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ግጥም ሁሉ ጽፌላቸው ነበር። ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔም ጥርሴ መንገጫገጩን ካቆመ በኋላ ስቄያለሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ፣ ለልብ ሕክምና የሚውል ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ፣ ሺፍቴን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሥር ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ እገጣጥማለሁ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። በብሬክ ሰዓት የጓንት ካርቶን እየቀደድኩ ጀርባው ላይ ስጽፍ በራሴ ነው የተማርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እግሬ ጠረጴዛ ሥር ሁልጊዜ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ ትዕቢተኛ ነበርኩ። በዓለም ላይ የራሴን ቤት መምቻ ያህል የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለው ጎረቤት ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው። ሕንፃው ቀድሞ ግሮሰሪ ነበር። መቅደሱ ያለው ዱሮ ፍራፍሬ ይሸጥ በነበረበት በኩል ነው፤ የኋለኛው አዳራሽ ደግሞ የሥጋና የወተት ክፍል ስለነበር፣ ግድግዳው ውስጥ ሰው ቆሞ የሚገባበት ትልቅ ማቀዝቀዣ እንዳለ ቀርቷል። ሁላችንም ኩለሩ እንለዋለን። ወፍራም የብረት በር አለው። የበዓል ምግብ ሁሉ እዚያ ያድራል።

የኩለሩ አለቃ እትዬ አስካለ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሴንት ፖል ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ፤ ሕንፃው ከተገዛ ጀምሮ ወጥ ቤቱን ይዘዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት በጉባኤ ፊት ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም። ድምፅ ጠፍቶ አይደለም። ወጥ ቤት ውስጥ «ክዳኑን ማን ወሰደው?» ሲሉ ፓርኪንግ ላይ ያለ ሰው ኪሱን ይፈትሻል።

የኩለሩ በር አንድ አመል ነበረው። ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ ተበላሽቷል፤ ይዞራል እንጂ አይከፍትም። እትዬ አስካለ ይህንን ለኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተናግረዋል። ሦስተኛው ጊዜ እኔም ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። «በወጥ ቤት በኩል የቀረበው ሐሳብ ተሰምቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ፓርኪንግ ጉዳይ ተሻገርን። ሴቶቹ የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። ወደ ኩለሩ ሲገቡ በሩ እንዳይዘጋ የሞላ የዘይት ጀሪካን ደፉ ላይ ያቆማሉ። ወንዶቹ ያንን ጀሪካን ለዓመታት እያዩ «ሴቶቹ ዕቃ የትም ይጥላሉ» ሲሉ ኖረዋል።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እትዬ አስካለ ጠሩኝ።

«አንተ ገጣሚው፣ ና እስኪ።»

«አቤት እትዬ።»

«ከፋሲካ በኋላ ያለችው ቅዳሜ የማን ቀን ናት?»

«የቅዱሳት አንስት። ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች።»

«ታውቃለህ ማለት ነው። ለዚያ ቀን አንድ ነገር ጻፍልን። እኔ መግደላዊት ማርያምን እሆናለሁ።»

«ድራማ ነው የሚፈልጉት?»

«ስሙን እንደፈለግህ በለው። እኔ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሄዳ ነገረቻቸው አይደል? የነገረቻቸውን በራሴ አፍ፣ በሕዝብ ፊት ልበለው። ዕድሜዬን በሙሉ ወንድ ሲያነበው ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እኔ ልበለውና ከዚያ ወደ ሽንኩርቴ እመለሳለሁ።»

ቃል ገባሁላቸው።

ለመጻፍ ብዬ አራቱን ወንጌሎች እንደ አዲስ አነበብኩ። በማይክሮስኮፕ የለመደ ዓይን ክፉ ነው፤ ትንንሽ ጉድለት ያያል። አምስት ሺህ ሰው ጠገበ ይባልና ወዲያው ሴቶችና ልጆች ሳይቆጠሩ ይባላል። በጉድጓዱ አጠገብ ከጌታ ጋር ያን ያህል የተነጋገረችው ሳምራዊት ስም የላትም። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ስም የላትም። ስለ ልጇ ተከራክራ የረታችው ከነዓናዊት ስም የላትም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ባለ ሽቱዋ ናት። ጌታ ራሱ፣ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ለመታሰቢያዋ ይነገራል አለ፤ ማቴዎስም ይህንን በጥንቃቄ ጻፈ፤ ስሟን ግን አልጻፈውም። ወደ ቀሲስ ሄድኩ።

«አባ፣ ስሟ ማን ነው?»

«ማርያም እንተ ዕፍረት እንላታለን። ባለ ሽቱዋ ማርያም።»

«ማቴዎስ ግን ለምን አልጻፈውም?»

ቀሲስ ጢማቸውን አሻሹ። «ሽቱው ውድ ነበራ። ወንዶቹ ሁሉ የሚያዩት ብልቃጡን ነበር» አሉና ለራሳቸው ሳቁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ምን የጻፍኩ ይመስላችኋል? ለጴጥሮስ ስልሳ መስመር፣ ለሴቶቹ አንድ ዓረፍተ ነገር። እትዬ አስካለ የጠየቁት አንድ ነውና ለራሴ በቂ ምክንያት አገኘሁ። ጴጥሮስን የሚጫወቱት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሼ ደምሴ ነበሩ። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ሰው የሚወዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ጽሑፉን አንብበው ስልሳውን መስመር በጣም ወደዱት። አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህቺን ማን ነው የሚላት?»

«እትዬ አስካለ።»

«በጉባኤ? ጳውሎስ ሴት በማኅበር ዝም ትበል ብሏል እኮ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ተሸክማ የሄደችው ፌቤን ናት ይባላል። ሴት ናት።»

«ተሸከመች። አነበበች አልተባለም።»

ጽሑፉን መጠቅለል ጀመርኩ። ጋሼ ደምሴ ግን ደግ ሰው ናቸውና መፍትሔ አመጡ። ሴቶቹ መድረኩ ላይ ይውጡ፤ አፋቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ድምፁን ከኋላ የተደበቀ ወንድ በማይክሮፎን ያሰማ። «ያንተ ድምፅ ቀጭን ነው» አሉኝ። «እግዜር ለዚህ ቀን ብሎ የሰጠህ ነው።» ወይ ይህ፣ ወይ ድራማው ይቀራል። ግጥሜ ከሚቀር የእትዬ ድምፅ ይቅር ብዬ ተስማማሁ። አሳምሬ ላወራው አልፈልግም፤ ያደረግሁት ይኸው ነው።

ስነግራቸው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋው አልቆመም።

«ግጥምህ ግን አለ አይደል?»

«አለ።»

«ጥሩ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜዋ ድረስ አንድ ቃል አላናገሩኝም።

ቅዳሜ ደረሰች። ቅዳሴ አለቀ፤ ሁለት መቶ ያህል ሰው አዳራሹን ሞላው። ፋሲካን ተከትሎ ባሉት ሃምሳ ቀናት እኛ ጋ ያለውን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሳይል አይጀምርም፤ ሕዝቡም ሳያስበው ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ይመልሳል። ያን ቀንም አንድ ሰማያዊ ቶዮታ መንገድ እንደዘጋ የተነገረው በዚሁ መግቢያ ነው። ሁላችንም በደስታ ተቀበልን። ባለ መኪናውም ተቀበለ፤ ከዚያ ሮጦ ወጣ።

መቃብሩ እንዲሆን የተመረጠው የኩለሩ በር ነበር። ከመድረኩ ጎን ስለሆነና ብረትም ስለሆነ ጋሼ ደምሴ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ዙሪያውን ዐለት የተሳለበት ሸራ ወጠሩበት፤ ከማሸጊያ ስፖንጅ የተቆረጠ ትልቅ ክብ ድንጋይ አስደገፉበት። ድምፅ ሰጪው እኔ ደግሞ ከመቃብሩ ውስጥ እንድሆን ተወሰነ። ማቀዝቀዣው ይጥፋ ሲባል እትዬ አስካለ ከወጥ ቤት «ሁለት መቶ ሰው ሆዱን ይታመም?» አሉና ሳይጠፋ ቀረ። አሥር ደቂቃ ምን አለው፤ ጃኬትና ጋቢ ደረብኩ።

ልንጀምር ስንል ጋሼ ደምሴ የበግ ፀጉር ጢማቸውን እንዳደረጉ መጥተው መቃብሩን ለመጨረሻ ጊዜ ተመለከቱት። ጀሪካኑን አነሡት።

«መቃብር ላይ የምግብ ዘይት ምን ይሠራል?»

ከዚያ የበሩን የውጭ እጀታ አዩት። በመብራቱ ያብለጨልጫል። ኪሳቸው ባለው መፍቻ ጥቂት ታግለው ነቀሉት።

«ጋሼ፣ እጀታው ለምን?»

«መቃብር እጀታ የለውም» አሉኝ። «አትፍራ፣ ሲያልቅ ከውስጥ ገፋ አድርገህ ትወጣለህ።»

ሦስት ጊዜ የተነገረውን፣ በገዛ እጄ «ተሰምቷል» ብዬ የጻፍኩትን ነገር ያን ጊዜ ማስታወስ ነበረብኝ። አላስታወስኩም። ጽፌዋለሁ እንጂ አልሰማሁትም ነበር።

እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው፣ ሽቱ ተብሎ የሮዝ ውኃ የተሞላበት ብልቃጥ ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አሉ።

«አቶ ደምሴ፣ ጀሪካኔ የት ሄደ? በሩ እኮ…»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ዛሬ መግደላዊት ነዎት። ወጥ ቤቱን ይርሱት።»

«በሩ ከውስጥ…»

«ተሰምቷል፣ ተሰምቷል» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ ወደ መድረኩ እየሮጡ። እትዬ ሊቀጥሉ ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መጋረጃው ተከፈተባቸው። ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው፤ እኔ ቀድሜ ገብቼ ነበር። በሩ ከኋላዬ ቀጭ አለ።

ውስጥ አንድ አምፖል፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ትሪና እኔ ነበርን። ምልክታችን ቀላል ነበር፤ ሴቶቹ መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ሂሩት በሩን ሦስት ጊዜ ትመታለች፣ እኔ ዓረፍተ ነገሩን እላለሁ። ሂሩት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ስትመታ ትመታለች። ሦስቱ ምት መጣ። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ የቻልኩትን ያህል እንደ ሴት ሆኜ፣ ያችን የእትዬን ዓረፍተ ነገር አልኩ። ከውጭ ምንም የለም። ጭብጨባ ጠብቄ ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። የገመድ አልባው ማይክሮፎን ድምፅ በዚያ ወፍራም ብረት አያልፍም። ስንሞክረው በሩ ክፍት ነበር። ስለዚህ ሁለት መቶ ሰው ያየው ሦስት ሴቶች፣ እትዬ አስካለ፣ ሂሩትና ሮማን፣ ተራ በተራ አፋቸውን እየከፈቱ ሲዘጉ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ድምፅ ጨምሩ» አለ። ሌላው «ባዶ ላይ ምን ይጨመራል?» አለው። ሂሩት እንደገና ሦስት ጊዜ መታች። እኔም እንደገና አልኩ፤ ለሁለት መቶ ሰው ለሚበቃ ዶሮ ወጥ፣ ስሜት በተሞላበት ድምፅ፣ ጌታ መነሣቱን አበሠርኩ።

ድርሻዬ አለቀ ብዬ በሩን ገፋሁ። አልተንቀሳቀሰም። እጀታውን አዞርኩ። ዞረ። ደግሜ አዞርኩ። እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ዝም ብሎ ይዞራል። ያን ጊዜ የቃለ ጉባኤ መዝገቡ ከነእጅ ጽሑፌ ፊቴ ላይ ተገለጠልኝ።

መደብደብ ጀመርኩ። ከውጭ፣ በበሩ ላስቲክ በኩል፣ የእትዬ አስካለ ድምፅ በቀጭኑ መጣ።

«ምን ሆንክ?»

«ተቆልፎብኛል! ከውጭ ይክፈቱልኝ!»

እጃቸው ሸራው ላይ ሲዳብስ ይሰማኛል።

«በምን ልክፈተው? እጀታ የለውም።»

«ጋሼ ደምሴ ጋ ነው!»

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ መድረኩን አቋርጠው፣ ደቀ መዛሙርቱ ወደተቀመጡበት ሮጡ። ድርሰቱም ሩጡ ይል ስለነበር ሕዝቡ እልል አለ። እትዬ አስካለ ጴጥሮስ ጆሮ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ልጁ ውስጥ ነው።»

ጋሼ ደምሴ ፈገግታቸውን ሳያጠፉ በጥርሳቸው መካከል መለሱ። «የለም ነው የሚባለው።»

«ውስጥ ነው እላለሁ!»

«ወይዘሮ አስካለ፣ መቃብሩ ባዶ ነው። የለም ይበሉ። አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ ተብሎ የለም እንዴ?»

«አለ! ሲደበድብ ሰምተነዋል!» አለች ሂሩት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ቀሲስ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትንሣኤው ላይ ስሕተት እንዳይገባ።»

ጋሼ ደምሴ የተጨነቀ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ወደሚያውቁት ነገር ሸሹ። ድርሰቱ ላይ ሴቶቹ ከነገሩት በኋላ ጴጥሮስ የማያምንበት ክፍል አለ። ሃያ አራት መስመር ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉና ጀመሩ፦

«የሐዘን እንቅልፍ ነው፣ የሴት ልጅ ቅዠት፣
ጎህ ሳይቀድ የታየ የጥላ ውሸት…»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። መጀመሪያ፣ ይቅር በሉኝና፣ ደስ አለኝ። አነባበባቸው ጥሩ ነበር። ስምንተኛው መስመር ላይ ጣቶቼን ማጠፍ አቃተኝ። ጋሼ ደምሴ ሕዝቡ የወደደውን ቤት ሁለት ጊዜ ይደግማሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ ሁሉንም ወደደው። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ከትሪው አንድ የዶሮ እንቁላል አውጥቼ በላሁ። ሃያኛው ላይ ሁለተኛውን። ግጥሜ ያን ያህል ረጅም መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። የሰው ልጅ በገዛ ቤት መምቻው ሊሞት እንደሚችል እያሰብኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጭብጨባው መጣ። ረጅም ነበር። ማንም ወደ በሩ አልመጣም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ በደንብ፣ በትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ግድግዳውን አልፎ። እትዬ አስካለ ስብከት የሚሰጥበትን ባለ ገመድ ማይክሮፎን አንሥተው ነበር።

«አስካለ እባላለሁ» አሉ። «ወጥ ቤት ነኝ። ይሄ ድራማ አይደለም። ገጣሚው ልጅ ኩለር ውስጥ ተቆልፎበታል። በሩ ከውስጥ እንደማይከፈት ለኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ከዛሬው ጋር አራት። በረዶ ሆኖ ከወጣ እንዳትጠይቁኝ።»

ከዚያ ቀሲስ ተነሡ።

«ደምሴ፣ እጀታው የት ነው?»

«ጃኬቴ ኪስ ውስጥ።»

«ጃኬትህስ?»

«ልንጀምር ስንል አውልቄ ወደ መኪናዬ ላክሁት።»

«መኪናህስ?»

ጋሼ ደምሴ ወለሉን አዩ። ፓርኪንጉ ሞልቶ ስለነበር አራት መንገድ ርቀው ነበር ያቆሙት። ቀሲስ በጣታቸው ወደ መውጫው አመለከቱ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ የበግ ፀጉር ጢሙ ወደ ጆሮው ዞሮ፣ በነጠላ ጫማ ወጣ። የዚያን ዕለት በሴንትራል ጎዳና የነዱ ሰዎች ያዩትን ለሚስቶቻቸው እንዴት እንደነገሯቸው እንጃ።

እትዬ አስካለ አልሮጡም። ወደ በሩ ተመለሱ።

«እየሰማኸኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው።»

«ተቀምጠሃል?»

«አዎ።»

«ተነሥ። እግርህን አንቀሳቅስ። ሌላ ጊዜ አርፎ የማይቀመጥ እግር ዛሬ ምን ነካው? እኔ ጋ ያሉት ሽማግሌዎች በረደን ሲሉ አስጨፍራቸዋለሁ።»

ተነሥቼ ከትሪዎቹ መካከል መርገጥ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ለየትኛው?»

ይህ ጥያቄ ከማራገቢያው ይበልጥ በረደኝ።

«ለዓረፍተ ነገሩ። ድራማው እንዳይሰረዝ ብዬ ነው።»

«እኔ ድራማ ጠይቄህ ነበር? አልጋ ሳነጥፍ ስለማመደው ነው የከረምኩት። የማነጥፍላቸው ፈረንጅ አሮጊት አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን በቃላቸው ይዘውታል። ዛሬ ጠዋት ስወጣ አሉልኝ። እሳቸው እንኳ በራሳቸው አፍ አሉት።»

አምርሬ ረገጥኩ።

«እንቁላል በልቻለሁ» አልኩ፣ ሌላ የምናዘዘው ስላጣሁ።

«ስንት?»

«ሁለት።»

«በቆጠራ ነው ያስቀመጥኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ግን ሳቅ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ሂሩት፣ አንቺ መኪናሽ በር ላይ አይደል? ፒንሳ አለሽ?»

«የአውቶቡስ ሾፌር ፒንሳ ያጣል?»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ወንድ ትጠብቂያለሽ?»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እጀታው የተነቀለበትን ብረት በፒንሳ ያዙት፤ ሂሩት አዞረች፤ እትዬ ጠርዙን ይዘው ጎተቱ፤ ሮማን የስፖንጁን ድንጋይ በአንድ ጣት ገፋችው። ብርሃን ገባ። ዘልዬ ስወጣ ጋቢዬ መደርደሪያው ላይ ተያዘና ወደ ኋላ ቀረ፤ ማይክሮፎኑም ከእጄ ወደቀ። መድረኩ መሐል ከንፈሬ ሰማያዊ፣ አገጬ ላይ ቀይ ወጥ ሆኜ ቆምኩ። ሕዝቡ እልል ይበል ይሳቅ ግራ ገብቶት አፈጠጠብኝ።

በዚያ ቅጽበት ጋሼ ደምሴ እጀታውን ከፍ አድርገው እያለከለኩ ገቡ። ማንንም ሳያዩ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ወለሉ ላይ ጋቢ አለ፤ ሰው የለም። እዚያው ደርቀው ቀሩ።

ከፊት ወንበር አንድ አዛውንት አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልክ እንደተጻፈው» አሉ።

ያን ጊዜ ነው እትዬ አስካለን ያየኋቸው። ባለ ገመዱ ማይክሮፎን አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ ገመዱ መድረኩን አቋርጦ ተወጥሯል። ድርሰቱ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ የሚባለውን ማንም አልጻፈውም። ጋሼ ደምሴ ቀና ብለው አዩዋቸው። ሊከለክሏቸው ይሆናል፣ ይቅርታ ሊሏቸው ይሆናል፤ ትንፋሽ ስላልነበራቸው አልታወቀም። እትዬ የእኔን ዓረፍተ ነገር የሚሉ መስሎኝ ነበር። ትተዉት ከእኔ በፊት ወደነበረው ሄዱ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ።

ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ማን እንደተናገረ ለማሰብ ጊዜ ሳያገኝ፣ በአንድ ድምፅ መለሰ፦ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!»

«አሠሮ ለሰይጣን።»

«አግዐዞ ለአዳም!»

ቀሲስ ይመልሳሉ። ኮሚቴው ይመልሳል። ጋሼ ደምሴ በሩን ተደግፈው፣ እጀታውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ ይመልሳሉ። እትዬ አልቸኮሉም። እስከ መጨረሻው መሩት፤ «ፍሥሐ ወሰላም» ተብሎ ሲያበቃ ማይክሮፎኑን ቦታው መለሱና «ምግቡ ይሞቃል፣ ትንሽ ታገሱ» ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሕዝቡ ወደ ራሱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ጎረቤቱን አየ። ማንም ግን የመለሰውን መልስ መልሶ ሊውጠው አልቻለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተለወጠ እንድላችሁ አትጠብቁ። በተከታዩ ወር ስብሰባ ላይ አዲሱ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ አነበበ። «አንዲት እናት በሰጡት ጥቆማ መሠረት የማቀዝቀዣው በር በክቡር ሊቀ መንበሩ ክትትል ተጠግኗል» ይላል። እጄን አወጣሁ።

«ስማቸው ይጻፍ።»

«ሁላችንም እናውቃቸው የለ» አለ ጸሐፊው።

«ማቴዎስም ያውቃት ይሆናል» አልኩ። የገባቸው ቀሲስ ብቻ ነበሩ። ጢማቸውን አሻሹና «ይጻፍ» አሉ። የተጻፈበትን መዝገብ ግን እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። አስካለ ይባላሉ። በሩ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ሂሩትና ሮማን ናቸው። ፒንሳው የሂሩት ነው።

እኔ ላይ የተለወጠው ይህ ነው፤ ወንጌል ሲነበብ ስም የሌላት ሴት ስትመጣ ድሮ አልፌያት እሄድ ነበር፣ አሁን እቆማለሁ። ስሟን ያጣሁት እሷ ስለሌላት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መዝገብ የያዘው ሰው ወደ ሌላ ጉዳይ ስለተሻገረ ነው። እኔ ያ ሰው ነበርኩ። ሃያ አራቱን መስመር ቀድጄ ጣልኳቸው። ጋሼ ደምሴ ግን በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ ሰርግ ላይ ሳይቀር ይሏቸዋል።

ዘንድሮም ድራማ ጻፍ ተብያለሁ። እትዬ አስካለን ማንን መሆን እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው።

«ጴጥሮስን» አሉኝ። «ብዙ ይናገራል፣ ብዙ ይሳሳታል፣ መጨረሻ ላይ ይሮጣል። ይሄ አያቅተኝም።»

በሩ በእርግጥ ተጠግኗል። ከውስጥ እጀታ አለው፣ ከውጭም አዲስ እጀታ አለው። ሴቶቹ ግን ወደ ኩለሩ ሲገቡ እስከ ዛሬ ጀሪካኑን ደፉ ላይ ያቆሙታል። ባለፈው እሑድ ትሪ ላወጣ እኔ ተላክሁ። ጀሪካኑን ጎትቼ፣ በደንብ አስቀምጬ፣ በእግሬ ገፋ አድርጌ ሞክሬው ነው የገባሁት።